የባላጋራሽ ቃል ይቅደም

ያቺን ልጅ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። "መላሽ" ነበር የሚሏት፤ ስሙንም ያወጣችላት የገዛ እናቷ ናት። ምን ታድርግ! ልጅቷ አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ አንድ ሲሏት ሁለት የምትመልስ፣ "ተኚ" ሲሏት "ለምን?"፣ "ታጠቢ" ሲሏት "ማን ቆሸሸና?" የምትል ጉድ ነበረች። ምላሷ ጤፍ ይቆላል። እናቷ ልብስ ሰፊ ነች፤ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከፊቷ የስፌት መኪናዋን፣ ከኋላዋ ካውያዋን አድርጋ ቀኑን ሙሉ ትሠራለች። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ልጅቷ ጣልቃ ስለምትገባ "መልስ አትመልሺ!" የሚለው ቁጣ በዚያች ክፍል ውስጥ እንደ መቀስ ድምፅ የተለመደ ነበር። አክስቶቿማ "ይቺ ልጅ በዚህ አፏ የት ትደርሳለች?" እያሉ ከንፈራቸውን ይመጡላት ነበር።

የት እንደደረሰች ልንገራችኋ።

ዩኒቨርሲቲ ገባች። በገባች ሰሞን ሌላ ክፍል ፍለጋ ስትዞር፣ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከአንድ የተዘጋ በር ውስጥ ጩኸት ሰማች። ሁለት ሰዎች ይጨቃጨቃሉ፤ ያውም አንደኛው ድምፅ የትልቅ ሰው ነው። ጠብ መሰላት፤ እሷ ደግሞ ጠብ አያመልጣትም፤ በሩን ገፋ አድርጋ አንገቷን አሰገገች። ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ቀጠን ያለች፣ ድምፀ ለስላሳ መምህርት ሰሌዳው አጠገብ ቆማለች። "ኧረ ዝም በሉ!" ትላለች ብላ ስትጠብቅ፣ "ጥሩ ነው፤ አሁን ተለዋወጡ። እርስዎ የእሱን ሐሳብ ይያዙ፣ አንተም የእሳቸውን ያዝ፤ እንደገና!" አለቻቸው።

"ይሄ ደግሞ የምን ትምህርት ነው?" አለች መላሽ፣ አንገቷ ብቻ እንደገባ።

"የአይሁድ ታሪክና አስተሳሰብ" አለች መምህርቷ። "እዚህ መልስ የማይመልስ ተማሪ ይወድቃል። ግቢና ተቀመጪ።"

አስቡት እስቲ! ዕድሜ ልኳን ስትቆነጠጥበት የኖረችው ነገር እዚያ ማርክ ያስገኛል። ገባች፣ ተቀመጠች፣ በቃ ቀረች።

የጥናት ጓደኛ ሆነው የደረሷት እነዚያ ሲጮኹ የነበሩት ትልቅ ሰውዬ ናቸው። የእግር ኳስ ዳኛ ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ ተማሪ ሆኑ። ሁሉም "ጋሼ ዳኛው" ይሏቸዋል። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስታዲየም ያለው ሕዝብ ሁሉ እየጮኸብኝ እኔ ፊሽካ ብቻ ነው የነፋሁት፤ አሁን ተራዬ ነው፤ ልናገር" ይላሉ። ከፍ ያሉ፣ ሆዳቸው ቀደም ያለ፣ በተናደዱ ቁጥር እጃቸው ሳያስቡት ወደ ደረት ኪሳቸው የሚሄድ፤ ካርድ ፍለጋ መሆኑ ነው።

የመምህርቷ ሕግ አንድ ነበር፤ የባላጋራሽ ቃል ይቅደም። ከጥንት አይሁድ መምህራን ነው ያመጣችው። በጥንት ጊዜ ሁለት የመምህራን ወገኖች ለዓመታት ተከራከሩ አሉ፤ አንዱ ያጠበቀውን ሌላው ያላላል፣ አንዱ የፈቀደውን ሌላው ይከለክላል። በመጨረሻ ሕዝቡ የአንደኛውን ወገን ፍርድ ተከተለ። ለምን? የበለጠ ስላወቁ አይደለም። ሲያስተምሩ ሁልጊዜ የባላጋሮቻቸውን ሐሳብ አስቀድመው፣ አሳምረው ከተናገሩ በኋላ ነው የራሳቸውን የሚያስከትሉት። የተሸነፈውም ወገን ቃል አልተጣለም፤ ከአሸናፊው ጎን ተጽፎ እስከ ዛሬ ይጠናል። "ስለዚህ" ትላለች መምህርቷ፣ "የጓደኛህን ሐሳብ ከራሱ አሳምረህ ካልተናገርክለት፣ የራስህን የመናገር መብት የለህም።"

ይሄ ለመላሽ ሞት ነበር! መመለስ ታውቃለች፤ የሰውን ቃል አሳምሮ መያዝ ግን ከየት ይምጣ? ጋሼ ዳኛው "ቆይ ቆይ፣ እኔ እንደሱ አልወጣኝም፤ ድገሚ" ይሏታል። ትደግማለች። "አሁንም አጣመምሽው፤ ጥፋት ነው፣ ቅጣት ምት!" ይሏታል። ደሟ ይፈላል፣ ትጮኻለች፣ እሳቸውም ይጮኻሉ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ መጀመሪያ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፤ ኋላ ቆጡ፤ በመጨረሻ ሁለቱንም እንደ ፍየል እየነዱ አስወጧቸው።

የት ይሂዱ? ጥናቱ ወደ እናትየው የስፌት ክፍል ተዛወረ። መኪናው ራሱ ይጮኻልና የሚቆጣቸው የለም። እናቷ የመጀመሪያ ቀን ሲጯጯሁ ሰምታ መርፌ በአፏ እንደያዘች ደንግጣ ተነሳች።

"ምነው፣ ምን ሆናችሁ ተጣላችሁ?"

"ኧረ እያጠናን ነው እትዬ" አሉ ጋሼ ዳኛው፣ ግንባራቸውን በመሐረብ እየጠረጉ።

"ይሄ ነው ጥናት? እንግዲያ የኔ ባልና የሱ እህት ፕሮፌሰር ናቸዋ!" አለች እናት፤ ተመልሳም ተቀመጠች።

ሰፈሩማ ተነጋገረበት። ጎረቤት ያሉት ወይዘሮ "ምነው ልጄ፣ አይሁድ ልትሆኚ ነው እንዴ?" ሲሏት፣ መላሽ "የእንስሳት ሕክምና የሚማረው ልጅዎ በሬ ሆነ እንዴ?" ብላ መለሰች። እናቷ "መልስ አትመልሺ!" ብላ ጮኸች፤ ዞር ብላ ግን በሆዷ ሳቀች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የእናትየው መኪና አሮጌ ነው፤ ክር ይበጥሳል። በበጠሰ ቁጥር እናቷ የምትለው አንድ ቃል ነበር። "ይሄ አይሁድ!" ትለዋለች፣ በመዳፏ መታ አድርጋ። አከራዩ ሲመጣም ያው ነው፤ ልብስ አሰፍቶ የጠፋ ደንበኛም ያው ነው፤ የጎረቤት ድመት ጨርቅ ላይ ስትተኛም ያው ነው። በዚያ ሰፈር ቃሉን ሲል ሰው የሚያስብ አልነበረም። ጨካኝ ለማለት፣ ለሰው የማያዝን ለማለት፣ እንዲሁ አፍ ላይ የመጣ ስድብ ነው። ከሁሉም ከንፈር ይወጣል፤ አንዱም አይሁድ አይቶ አያውቅም።

"እማዬ፣ አይሁድ እኮ ሕዝብ ነው" አለች መላሽ አንድ ቀን።

"እኔ መቼ ሕዝብ ሰደብኩ? መኪናውን ነው!"

"መኪናውን በምን ሰደብሽው?"

"መልስ አትመልሺ አላልኩሽም?"

ክርክሩ እዚህ ላይ ቆመ። እናት ክፉ እንዳትመስላችሁ፤ ዝንብ ስትሞት አንጀቷን የሚበላት ሴት ናት። ቃሉን ከእናቷ ሰማችው፤ እናቷም ከእናቷ። ማንም አልመረመረውም።

ከዕለታት አንድ ቀን መምህርቷ ራሷ እጅጌው የረዘመባትን ኮት ይዛ መጣች፤ መላሽ ናት "እናቴ ታሳጥርልዎታለች" ያለቻት። እናት መምህርቷን ስታይ የምትሆነው ጠፋት፤ ወንበር አበሰች፣ ጨርቅ አነሳች፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ አድርጋ ልኬት ወሰደች፤ በጠመኔ ምልክት አድርጋ "አሁኑኑ ቁጭ እንዳሉ እጨርስልዎታለሁ" አለች። እጅጌውን መስፋት እንደጀመረች ክሩ ጧ!

"ይሄ አይሁድ! ዛሬም በእንግዳ ፊት ሊያዋርደኝ!" አለችና መታ አደረገችው።

መላሽ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጋሼ ዳኛው እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ።

መምህርቷ ግን በዚያው በለስላሳ ድምጿ "ምን አድርጎ ነው?" አለች።

"ክር ይበጥሳል እንጂ! ይኸው ስንት ጊዜው!"

"ይገርማል" አለች መምህርቷ። "እኔ የማውቃቸው አይሁዶች ክር ሲቀጥሉ እንጂ ሲበጥሱ አላየሁም። አያቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ አባታቸውም እንደዚሁ። እኔም አይሁድ ነኝ፤ መስፋቱን ግን አልታደልኩትም።"

እናት ክው አለች። ከአንገቷ በላይ እሳት ሆነች። እጅጌው በእጇ እንዳለ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች። "የኔ እመቤት… እኔ እኮ እርስዎን… እኔ እኮ መኪናውን…" ብላ እንባዋ መጣ።

"አውቃለሁ" አለች መምህርቷ። ከዚያም ቀረብ ብላ "ቃሉን ለደቂቃ እንተወውና፣ ለምንድን ነው የሚበጥሰው?" ስትል ጠየቀቻት።

እናቷ ዞራ መኪናውን አየች። ለካ ያቺን ጥያቄ ራሷን ጠይቃ አታውቅም! በበጠሰ ቁጥር ቃሏን ትናገራለች፣ ቃሏን ስትናገር ንዴቷ ይበርዳል፣ ንዴቷ ሲበርድ ክሩን ቀጥላ መስፋቷን ትቀጥላለች። እንግዲህ ጎንበስ አለች። መርፌውን ነቀለችና ወደ ብርሃኑ አቀረበችው። ጎብጧል። ለዓይን የማይሞላ ጉብጠት ነች፤ ግን ጎብጧል። አዲስ መርፌ አደረገች፤ መኪናው እጅጌውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዴም ሳይበጥስ ዘለቀው። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ቃል ከእናትየው አፍ አልወጣም። በምትኩ ምን እንደምትል ግን ጠፍቷት፣ ስትናደድ አፏን ከፍታ ትቀር ነበር፤ መላሽም ልቧ እስኪፈርስ ትስቅባት ነበር።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። የመጨረሻው ዓመት እንደተጋመሰ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ የአይሁድ ታሪክና አስተሳሰብ ትምህርት ሊዘጋ ነው ተባለ። ተማሪዎቹ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውረው ከሁለተኛ ዓመት ይጀምራሉ። ለመላሽ እንደገና መጀመር ማለት መቅረት ማለት ነበር። እናቷ "እስክትመረቂ እጄም ዓይኔም ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ግን እኔን አትይኝ" ብላታለች፤ እናቷም የምሯን ነው። እና ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ስለ ዲግሪው ብቻም አይደለም። በዓለም ላይ አፏን የወደደላት ቤት እሱ አንድ ብቻ ነው። ሌላ የት ትሂድ? ሆድ ባሳት፤ እናቷ የቆረጠችው ጨርቅ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

"ማልቀሱን ትተሽ ሂጂና ተከራከሪ" አሏት ጋሼ ዳኛው። "የመምህራኑ ጉባኤ ከመወሰኑ በፊት አንድ ተማሪ ይሰማል። እኛ አንቺን መርጠናል።"

"እርስዎ ለምን አይሆኑም?"

"እኔ ከተናደድኩ ሰው ከሜዳ ነው የማስወጣው።"

ጉባኤው በሚሰበሰብበት ረጅም አዳራሽ መምህራኑ በጠረጴዛው ዙሪያ፣ ተማሪና ወላጅ ከኋላ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። እናቷም መጥታለች፤ ሜትሯን ከአንገቷ ማውለቅ ረስታ። መምህርቷ ጉዳዩ የራሷ ስለሆነ መናገር አይፈቀድላትም፤ ጥግ ላይ ያንን ኮት ለብሳ ዝም ብላ ተቀምጣለች።

ሰብሳቢው ዲኑ ናቸው። መጥፎ ሰው አልነበሩም፤ የደከማቸው ሰው ነበሩ። "ወገኖቼ" አሉ፣ "እኔ ይህን ትምህርት ጠልቼው አይደለም። የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራው ጣሪያ ያፈሳል፤ ልጆቹ ባልዲ ደርድረው ነው የሚማሩት። የፋይናንሱ ኃላፊ፣ ያ አይሁድ፣ በጀት አለቅም ብሎ አንቆ ይዞናል። ታዲያ ከየት ላምጣ? ከመምህርታችን በቀር አይሁድ በማይታይበት አገር፣ አይሁድን የሚጠላ በሌለበት አገር፣ ስለ ጥላቻው ለማስተማር መምህራን እቀጥራለሁ? የሌለ በሽታ ለማከም ሐኪም አይቀጠርም።"

ጥቂቶች ሳቁ። አንዱም ያቺን ቃል ልብ አላላትም፤ ዲኑ ራሳቸው ልብ አላሏትም። መምህርቷ ብቻ ዝቅ ብላ ያጠረውን እጅጌዋን አየች። ጋሼ ዳኛው እጃቸው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ገባ። መላሽ ሰምታለች። ተነስታ እዚያው "እርስዎ ራስዎ አሁን ምን አሉ!" ብላ ብታፈርጥባቸው ደስታዋ ነበር። የድሮዋ መላሽ ብትሆን አታልፈውም ነበር። ግን ተራዋ ሲደርስ ተነሳች፣ ተነፈሰች፣ የባላጋራዋን ቃል አስቀደመች።

"መጀመሪያ የዲናችንን ሐሳብ ልናገር" አለች። "እሳቸው ከተናገሩት በላይ እውነት አላቸው። ባለፈው ክረምት ከኬሚስትሪ ተማሪዎች አንዷ ወለሉ ረጥቦ አንሸራተታት፤ በእጇ አሲድ ይዛ ነበር። እግዜር አተረፋት። በዚያ ጣሪያ ሥር የሚማረው ብዙ ነው፤ እኛ ደግሞ እፍኝ አንሞላም። የመምህራኖቻችን ደሞዝ ጣሪያ ይሠራል። ታሪክ ቢቆይ አይበላሽም፤ ፊቷ የተቃጠለ ልጅ ግን ፊቷ አይመለስም። የዚያች ልጅ እናት ብሆን፣ ይህን ትምህርት ዛሬውኑ በገዛ እጄ እዘጋው ነበር።"

መጀመሪያ አንዱ አጨበጨበ፣ ሌላው ተከተለ፤ የኬሚስትሪዋ መምህርት ዓይኗን ጠረገች። የራሷ የክፍል ጓደኞች "ምን ነካት! አሳልፋ ሰጠችን!" እያሉ ይንሾካሾካሉ።

ዲኑ ደስ አላቸው። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ! ከእኔ አሳምረሽ ተናገርሽው። እንግዲህ ተማሪዎቹም ከተስማሙ ወደ ድምፅ እንሂድ፤ ተቀመጪ" አሉ።

እሷ ግን ገና ግማሹን ነው የተናገረችው! ልትከራከር አለች፤ ግን ትልቅ ሰው ናቸው፤ በፈገግታ "ልጄ፣ ተቀመጪ" ብለዋታል፤ መምህራኑ በሙሉ ያይዋታል። እንደ ሕፃንነቷ ያ ቁጣ በጆሮዋ መጣባት፤ መልስ አትመልሺ፣ መልስ አትመልሺ። ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ዝቅ ማለት ጀመረች።

"አንቺ!"

ከኋላ ነው። ሁሉም ዞረ። እናቷ ቆማለች፤ ሜትሩ ከአንገቷ ላይ ይወዛወዛል።

"ምን ትቀመጫለሽ? ስንት ዓመት ጆሮዬን ስታደነቁሪው ኖረሽ ዛሬ ነው ጨዋነት የታየሽ? መልሺላቸው እንጂ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ዳኛውም ተነስተው በዚያ በስታዲየም ድምፃቸው "ገና ዕረፍት ነው! ሁለተኛው አጋማሽ አልተጀመረም!" አሉ። ዲኑም ሳቃቸው አምልጧቸው "እሺ፣ ቀጥዪ" ከማለት ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም።

ልጅት እንደ አዲስ ቆመች። ያ ሁሉ ፍርሃት የት እንደገባ እሷም አታውቀው፤ የልብ ልብ ተሰማት።

"ዲናችን የሌለ በሽታ አሉ" አለች። "በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ አንድ ንጉሥ በአገሩ ያሉትን አይሁድ ሁሉ አባረረ። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በይፋ አንድም አይሁድ አልኖረበትም። ጥላቻው ግን አብሮ አልወጣም፤ አይሁድ አይተው የማያውቁ ሰዎች ልጆቻቸውን በእነሱ ስም ሲያስፈራሩ ኖሩ። በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ደግሞ ወረርሽኝ ገባ፤ 'አይሁድ ናቸው የውኃ ጉድጓዱን የመረዙት' ተባለ፤ ስንቱ በእሳት ተቃጠለ። በሽታው ግን አልቆመም። አይሁዱንም እንደሌላው ሰው ይገድል ነበር። እኛ እዚህ ክፍል ውስጥ የምንማረው ይሄን ነው። ጥላቻው ሰው አያስፈልገውም፤ ቃል ይበቃዋል። ቃሉ ከተነገረ በኋላ ደግሞ ማንም ምክንያቱን አይፈልግም።"

ትንሽ ቆም ብላ ወደ ኋላ አየች። "እናቴ እዚያ አለች። ከእሷ የሚራራ ሰው አላውቅም። የስፌት መኪናዋ ክር በበጠሰ ቁጥር 'አይሁድ' እያለች ስትሰድበው ዓመታት አለፉ።"

"ወይኔ ጉዴ! አወጣችው!" አለች እናት፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና።

"ቃሉን የተወች ቀን ግን መጠየቅ ነበረባት፤ ለምን ነው የሚበጥሰው? አጎንብሳ አየች። መርፌው ጎብጦ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት መርፌው ነው የጎበጠው፤ ቃሉ ነው እንዳታይ የከለላት።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ቅድም በዚህ አዳራሽ ያ ቃል ተብሏል። ስለ ፋይናንስ ኃላፊው። አንዳንዶቻችን ሳቅን፤ የሰማነው ግን የለም። ዲናችንን ልወቅስ አይደለም፤ ከእናቴ ጋር አንድ ላይ ነው የማስቀምጣቸው፤ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ቃሉን ለደቂቃ እንተወውና፣ በጀቱ ለምንድን ነው ያልተለቀቀው?"

ዲኑ መነጽራቸውን አወለቁ። መምህራኑ እርስ በርስ ተያዩ።

"እውነት ግን" አለች የኬሚስትሪዋ መምህርት፣ "ለምንድን ነው?"

ከጠረጴዛው ጫፍ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው የዲኑ ጸሐፊ ጉሮሮውን ጠረገ። ላብ በላብ ሆኗል። "እኔ እንኳን… ደውለው ነበር፤ ኃላፊው። ደጋግመው። 'መሐንዲስ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጉዳቱን ይይ፤ ያን ጊዜ እለቃለሁ' ነው ያሉት። እኛ ግን… ማንም ጣሪያው ላይ አልወጣም።"

"ለምን አልነገርከኝም?" አሉ ዲኑ።

"ነግሬዎት ነበር ጌታዬ። 'ተወው፣ እሱ እንደሆነ አይሁድ ነው፣ አይለቅም' አሉኝ።"

አሁን ማንም አልሳቀም። ዲኑ ፊታቸው ደም መሰለ። ተነሱና፣ ወደ ጉባኤው ሳይሆን ጥግ ወደተቀመጠችው መምህርት ዞሩ። "ቃሌን አንስቻለሁ" አሉ። "እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስንት ጊዜ በፊትሽ እንዳልኩት እንኳ አላውቀውም።"

"እኔ አውቀዋለሁ" አለች መምህርቷ፣ በዚያው በለስላሳ ድምጿ። "ግን ይቅር ብያለሁ።"

ድምፅ ተሰጠ። ትምህርቱ ይቀጥል በሚለው እጅ አውጡ ሲባል ጠረጴዛው ዙሪያ እጅ ብቻ ሆነ፤ የኬሚስትሪዋ መምህርት ሁለቱንም እጇን አውጥታ አንዱን አውርጂ ተባለች። ዲኑ ግን እጃቸውን አላወጡም። "አጥፍቻለሁ ማለት አንድ ነገር ነው" አሉ፣ "ሐሳቤ ግን አልተለወጠም። ልጆቹ ይቀድማሉ ብዬ አሁንም አምናለሁ። ተሸንፌያለሁ።"

"እንግዲያው ይጻፍልዎት" አለች መላሽ።

"ምኑ?"

"ሐሳብዎ። ከአሸናፊው ጎን፣ በቃለ ጉባኤው ላይ፣ ሙሉውን። በእኛ ትምህርት የተሸነፈ ቃል አይጣልም፤ ይጠናል። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ይከራከሩበታል።"

የዲኑ ሳቅ ከሆዳቸው መጣ። "ጻፍ!" አሉት ጸሐፊውን። "እሷ እንዳለችው አድርገህ ጻፈው፤ እኔ እንዳልኩት አይደለም፤ የእሷ ይሻላል!"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ምኑን ልንገራችሁ! ጓደኞቿ ተሸከሟት፤ ጋሼ ዳኛው ከዕድሜያቸው የማይጠበቅ ዝላይ ዘለሉ፤ እናቷ መምህርቷን አቅፋ የኮቱን እጅጌ ደጋግማ ሳመችው። በማግስቱ መሐንዲስ ጣሪያው ላይ ወጣ። መላሽም ጊዜዋ ሲደርስ ተመረቀች፤ ጋሼ ዳኛው ካባቸው አጥሮባቸው ነበርና እናት ጫፉን አስረዝማ ሰፋችላቸው። ያኔ ከንፈራቸውን ይመጡላት የነበሩት አክስቶቿ እልልታውን ከሁሉም አስበልጠው አቀለጡት።

ዛሬ መላሽ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ኮሪደር ጫፍ ታስተምራለች። እኔን ግን ከዚያ ሁሉ ድል ደስ የሚለኝ ሌላ ነው። ከጉባኤው በተመለሱ ቀን፣ መላሽ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ጎረቤታቸው ጫማ ሰፊው በሩን በርግዶ ገባ። ንዴት ሊገድለው ደርሷል።

"ያ አይሁድ አከራይ!" አለ። "ዛሬ ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው…"

እናት መቀሷን አስቀመጠች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች፤ ወንበር ሳበችለት።

"ቁጭ በል ወንድሜ" አለችው። "ያቺን ቃል ከደጅ ተዋትና ቁጭ በል። መጀመሪያ የእሱን ልናገርለት፤ ከዚያ አንተ መልስልኝ።"